መድኃኒቱ ላብራቶሪ ውስጥ ይገድላል፣ ሳንባ ውስጥ ግን አይገድልም፤ ለምን?

በውይይት መድረካችን ላይ ይህን ክር የከፈተው ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አባል ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፣ አቋሙ ግን ጠንከር ያለ። ሳንባን ይዘው አንለቅም የሚሉት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ግራም ኔጋቲቭ ናቸው ብሎ ተነሳ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሁለት ሽፋን አላቸው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። በሱ አስተያየት ውጨኛው ሽፋን አጥር ነው፤ መድኃኒቱም የሰውነት መከላከያውም እዚያ ላይ ይቆማሉ። አጥሩን የሚያፈርስ መድኃኒት ከተገኘ የሳንባ ምች ነገር አበቃ የሚል ነበር ድምዳሜው። የሚቃወም ካለ በማስረጃ ይምጣ ብሎ ጨረሰ።

መጡ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፣ አንድ መልስም ጽፌበታለሁ። ብዙ ቁም ነገር በጭቅጭቁ መሃል ተቀብሯል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በቅደም ተከተል ላውጋ።

መልስ 1፦ ባዮኬሚስትሪ የምታስተምር አባል በምስጋና ጀመረች፤ ከዚያ የሽፋኑን አሠራር ዘርዘር አድርጋ አስረዳች። የሽፋኑ የውስጥ ገጽ እንደ ሌላው የሴል ሽፋን ፎስፎሊፒድ የተባለ ስብ ነው። የውጭ ገጹ ግን ሊፖፖሊሳካራይድ በሚባል ሞለኪውል የታጨቀ ነው። ሞለኪውሉ ሦስት ክፍል አለው። ሽፋኑ ውስጥ የሚተከለው ስብ ሊፒድ ኤ ይባላል። ከሱ ላይ አጭር የስኳር ሰንሰለት አለ፤ ከዚያ ወደ ውጭ የሚረዝመው ኦ-አንቲጅን የተባለ የስኳር ሰንሰለት ይቀጥላል። ሞለኪውሎቹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፉ ነበር፤ የሚያስተሳስሯቸው በመሃል የሚገቡት ማግኒዥየምና ካልሲየም ናቸው። ይህ ጥግግት ስብ ወዳድ የሆኑ መድኃኒቶችን ያግዳል። ውሃ ወዳድ የሆኑ ትንንሽ ሞለኪውሎች ደግሞ ፖሪን በሚባሉ የፕሮቲን ቀዳዳዎች በኩል ካልሆነ አይገቡም። በአየር ቧንቧ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ላይሶዛይም የባክቴሪያውን የሴል ግድግዳ መቁረጥ ይችላል፤ ግን ግድግዳው ያለው ከውጨኛው ሽፋን ሥር ነው። ላክቶፌሪን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሽፋኑን ሲያናጋለት ነው መንገድ የሚከፈትለት።

መልስ 2፦ ይኼኛው በትህትና ግን በቀጥታ አረመ። ከሆስፒታል ውጭ ለሚይዝ በባክቴሪያ ለሚመጣ የሳንባ ምች ቀዳሚው መንስኤ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒያ (በአጭሩ ኒሞኮከስ) ነው። እሱ ደግሞ ግራም ፖዘቲቭ ነው፣ ውጨኛ ሽፋን የሚባል ነገር የለውም። ያለው ወፍራም የሴል ግድግዳና ከላዩ የስኳር ካፕሱል ነው፤ የካፕሱሉ ዓይነቶችም ከ100 በላይ ናቸው። ስለዚህ ስለ ሳንባ ምች በሙሉ መናገር ትቶ ርዕሱን እንዲያጠብብ መከረው። ከፋቹም እሺ ብሎ ርዕሱን ወደ ግራም ኔጋቲቮቹ አጠበበው። እዚህ ድረስ ጨዋታው ደስ ይል ነበር።

መልስ 3፦ የታሪክ ሰው ገባ። ግራም ኔጋቲቭና ፖዘቲቭ የሚለው ክፍፍል ራሱ ከሳንባ እንደወጣ አስታወሰን። እ.ኤ.አ. በ1884 ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በርሊን ውስጥ ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር ይሠራ ነበር። የማቅለሚያ ዘዴውን ያወጣው በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ የሳንባ ሥጋ ላይ ነው፤ የፈለገው ባክቴሪያውን ከሥጋው ለይቶ ለማየት ነበር። ከዚያ ዛሬ የአክታ ናሙና እንዴት እንደሚቀለም ጻፈ። መጀመሪያ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለው ሐምራዊ ቀለም፣ ቀጥሎ አዮዲን፣ ከዚያ አልኮል፣ መጨረሻ ሮዝ የሚያቀልመው ሳፍራኒን። ወሳኟ ቅጽበት አልኮሉ የሚፈስባት ናት። አልኮሉ ውጨኛውን ሽፋን ያሟሟዋል፣ ከሥሩ ያለው ስስ ግድግዳም ሐምራዊውን ቀለም መያዝ ያቅተዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኒሞኮከስ ሐምራዊ ሆኖ ጥንድ ጥንድ ይታያል። ግራም ኔጋቲቮቹ ደግሞ በነጭ የደም ሴሎች መሃል ሮዝ ዘንግ ሆነው ተበትነው ይገኛሉ። እኔ ይህን መልስ ወድጄዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

መልስ 4 ለታሪኩ ምስጋና ብቻ ነው።

መልስ 5፦ ክሩን ከመጽሐፍ አውጥታ ሰው ላይ ያሳረፈችው እሷ ናት። ብሮንኬክታሲስ አለባት፤ የአየር ቧንቧዎች ሰፍተውና ተጎድተው አክታ የሚያቁሩበት ሕመም ነው። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ሳንባዋ ውስጥ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። አክታዋ በተመረመረ ቁጥር ውጤቱ መድኃኒቱ ይገድለዋል ይላል። መድኃኒቱን ትወስዳለች፣ ትንሽ ይሻላታል፣ ከዚያ አረንጓዴው አክታ ተመልሶ ይመጣል። ላብራቶሪው ተሳስቶ ነው ወይስ ሐኪሙ ብላ ጠየቀች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር።

መልስ 6፦ አንድ የሳንባ ሐኪም ለሷ ረጅም መልስ ጻፈ። አጥር የሚለውን አገላለጽ እንደማይቀበለው ነው መጀመሪያ የተናገረው፤ ባክቴሪያው ሽፋኑን እየቀያየረ ይኖራልና። በዚህ ላይ ብዙ የተጠናው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ፣ የሳንባን ንፍጥ የሚያወፍር በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሳንባ ነው። ሱዶሞናስ ከአካባቢ ሲመጣ ረጅም ኦ-አንቲጅን አለው፣ መዋኛ ጭራም አለው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከዚያው ሰው የሚወጣው ዘር ግን ሌላ ፍጥረት ይመስላል። ኦ-አንቲጅኑ ብዙውን ጊዜ አጥሯል ወይም ጠፍቷል። ጭራው የለም። ሊፒድ ኤው ላይ ተጨማሪ የስብ ሰንሰለትና አሚኖአራቢኖስ የተባለ ስኳር ተለጥፎበታል። ይህ ስኳር ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ሰውነታችን የሚያመነጫቸውን እንደ ኤልኤል-37 ያሉ ፖዘቲቭ ገዳይ ፔፕታይዶች (ትንንሽ ፕሮቲኖች) ይገፋል። ሊፒድ ኤን የሚያውቀው የሰውነት ተቀባይ ቲኤልአር4 ነው። ተመራማሪው ብሩስ ቦይትለር ይህን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ግኝት በ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። ሐኪሙ ሲያጠቃልል፣ ባክቴሪያው ሽፋኑን የሚቀይረው ከመከላከያ ሥርዓቱ ለመሰወር ነው አለ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት ኋላ ላይ ጠብ ያመጣችው።

መልስ 7፦ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናት። ሽፋኑ ብቻውን የሕመምተኛዋን ጥያቄ እንደማይመልስ አስረዳች። ሙክኤ የተባለው ዘረመል ሲበላሽ ሱዶሞናስ አልጂኔት የተባለ ስኳር ያለ ልክ ያመርታል። አልጂኔቱ በውጨኛው ሽፋን በኩል ይወጣል እንጂ የሽፋኑ አካል አይደለም። እንዲህ ያለ ዘር ሲበቅል ምን እንደሚመስል ገለጸችው። ሳህኑን ዘንበል ስታደርገው የባክቴሪያው ክምር (ኮሎኒው) እንደ ንፍጥ ይንሸራተታል፣ መልቀሚያው ዘንግ ላይም ይለጠፋል። ባክቴሪያው በዚህ ውስጥ ተሰባስቦ፣ ኦክስጅን አንሶት፣ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። ላብራቶሪ የሚሞከረው ግን ተበትኖና ጠግቦ ቶሎ ቶሎ የሚባዛው ነው። ስለዚህ ማንም አልተሳሳተም፤ ምርመራው የለካው ሌላ ኑሮ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ሕመምተኛዋ እንዲህ አድርጎ ያስረዳት ሰው እስከዛሬ አልነበረም ብላ አመሰገነቻት። ለአንድ ሕመምተኛ ይህን መንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዓመታት ሙሉ ሳይነገራት መቅረቱ ያሳዝነኛል።

መልስ 8፦ ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። የኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) ሰው ነኝ ያለ አባል፣ መልስ 6 ላይ ያለው ማጠቃለያ ግልብጥ ነው ብሎ መጣ። ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሳንባ የሚገኘው ስድስት የስብ ሰንሰለት ያለው ሊፒድ ኤ የሰውን ቲኤልአር4 ይበልጥ ይቀሰቅሰዋል። አምስት ሰንሰለት ያለው ነው ደካማው። ስለዚህ ባክቴሪያው አልተሰወረም፤ እንዲያውም ሳንባውን ያስቆጣል፣ ከዚያ ቁጣው የሚያመጣውን ገዳይ ፔፕታይድ ተቋቁሞ ይኖራል። ሳንባውን እየበላ ያለውም ይኸው የማያባራ መቆጣት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ሐኪም ሆኖ ይህን አለማወቅ ያሳፍራል የሚለውን ባይጨምር ምን ነበረበት።

መልስ 9፦ ሐኪሙ ተናደደ። ያወራው ስለ ሊፒድ ኤ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጭራው ቲኤልአር5 በተባለው ተቀባይ ስለሚታወቅ ጭራን መጣል በእርግጥ መሰወር እንደሆነ መለሰ። ሕመምተኛ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሳንባ ባያስተምረኝ ደስ ይለኛል የሚል ነገርም ጣል አደረገ። መልስ 10 የአወያዩ ነው፤ ሁለቱንም በስም ጠርቶ ወደ ርዕሱ መለሳቸው። በኔ ግምት ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። አንዱ ስለ ጭራው፣ ሌላው ስለ ሊፒድ ኤው። የተጣሉት ሁለቱን በአንድ ቃል ለማጠቃለል ስለሞከሩ ነው።

መልስ 11 የኔ ነው። ጠቡን ለማብረድ ሳይሆን፣ የጎደለ የመሰለኝን ለመጨመር ነው የጻፍኩት። ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛን አነሳሁ፤ ካፕሱል የሌለውንና ሲኦፒዲ የተባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ የሚመላለሰውን። እሱ ረጅም ኦ-አንቲጅን የለውም፤ የስኳር ሰንሰለቱ አጭር ነው። ጫፉ ላይ ግን ፎስፎኮሊን የተባለ ሞለኪውል ይለጥፋል። ፎስፎኮሊን በራሳችን ሴሎች ላይም አለ። ይህ ከአየር ቧንቧ ሴሎች ጋር እንዲጣበቅ ይረዳዋል፣ ኤልኤል-37ንም እንዲቋቋም ያደርገዋል። ችግሩ ሲአርፒ የተባለው የደም ፕሮቲን በትክክል ፎስፎኮሊን ላይ ነው የሚያርፈው፤ ካረፈም ኮምፕሊመንት የተባሉትን ገዳይ ፕሮቲኖች ይጠራበታል። ስለዚህ መለጠፉም አደጋ ነው፣ አለመለጠፉም አደጋ ነው።

ባክቴሪያው የሚያመልጥበት መንገድ ነው የሚገርመኝ። ፎስፎኮሊን ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ዘረመል ውስጥ አራት የዲኤንኤ ፊደላት ደጋግመው ይደረደራሉ። ዲኤንኤው ሲገለበጥ አንድ ድግግሞሽ ይወድቃል ወይም ይጨመራል፤ ያኔ ዘረመሉ ይጠፋል ወይም ይበራል። በአንድ የባክቴሪያ ስብስብ ውስጥ ሁሌም ሁለቱም ዓይነት አሉ። ሳንባው የትኛውንም ቢገድል ሌላው ይተርፋል። ለመናገር የፈለግኩት ይኼን ነው። ለሳንባ የሚሆን አንድ ምርጥ ሽፋን የለም። እያንዳንዱ ለውጥ ከአንዱ ገዳይ ያድናል፣ ለሌላው ያጋልጣል። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው ሳንባው ውስጥ በዚያ ሰዓት ያለው ሁኔታ ነው።

መልስ 12 እና 13፦ አንዱ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ጠየቀ፤ የቲቢ ባክቴሪያ ከግራም ፖዘቲቮቹ ወገን ስለሆነ ውጨኛ ሽፋን የለውም ብሎ ነበር። ቀጥሎ የመጣው አስተካከለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ናሙናን አቀዝቅዞ በሚያይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከግድግዳው ውጭ ሁለተኛ ሽፋን እንዳለው በግልጽ ታይቷል። የተሠራው ግን ከሊፖፖሊሳካራይድ አይደለም፤ ማይኮሊክ አሲድ ከሚባሉ በጣም ረጃጅም ስቦች ነው። ዚል-ኔልሰን በተባለው ዘዴ ሲቀለም ቀለሙ በአሲድ የማይለቀው በዚህ የስብ ግድግዳ ምክንያት ነው። አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት የሚያቆመውም የማይኮሊክ አሲድ ምርትን ነው። ጥሩ እርማት ነበር፤ ሳይሰድቡ ማረም እንደሚቻልም ያሳያል።

መልስ 14 ስለ ሳል ሽሮፕ ነው። አወያዩ ሌላ ክር እንዲከፍት ነገረው።

መልስ 15፦ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ባለሙያ ናት። ክሩን የከፈተው ሰው የሚመኘው ሽፋን አፍራሽ መድኃኒት ድሮም እንዳለ አስታወሰችው፤ ኮሊስቲን ይባላል። ሊፒድ ኤ ላይ ተለጥፎ ማግኒዥየሙንና ካልሲየሙን ያፈናቅላል፣ ሽፋኑንም ይበጣጥሳል። የተገኘው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ኩላሊትን ስለሚጎዳ ለዓመታት ተትቶ ነበር፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ተመልሶ መጣ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ ሕሙማንን የሚያጠቃው አሲኔቶባክተር ባውማኒ ግን ለሱም መላ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደተዘገበው፣ ሊፒድ ኤ የሚሠራባቸው ዘረመሎች ተበላሽተውበት ያን ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ የጣለ ዘር አለ። ኮሊስቲን የሚይዘው ነገር አጣ። በ2015 ደግሞ ኤምሲአር-1 የተባለ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘረመል ቻይና ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ይህ ዘረመል ሊፒድ ኤ ላይ ሌላ ቁራጭ በመለጠፍ ኮሊስቲንን ያዳክማል። በሥራዋ ያየችውንም ጻፈች። ውጤቱ ኮሊስቲንን ይቋቋማል የሚል ሆኖ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። አንብቤው ለጥቂት ጊዜ ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

መልስ 16፦ ከፋቹ ግራ ተጋባ። ባክቴሪያው ራሱ አጥሩን ከጣለ ያለሱ እንዴት ይኖራል ብሎ ጠየቀ። መልስ 17 ላይ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዋ ተመልሳ መጣች። ሊፒድ ኤን የጣለው አሲኔቶባክተር በነጻ አልተረፈም፤ በወትሮው የማይነኩት እንደ ቫንኮማይሲንና ሪፋምፒሲን ያሉ መድኃኒቶች ይጎዱታል። ከዚያ አዳዲሶቹን መንገዶች አነሳች። ሙሬፓቫዲን ሊፖፖሊሳካራይድን ወደ ውጭ የሚተክለውን የሱዶሞናስ ፕሮቲን ያግዳል። በደም ሥር የሚሰጠው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2019 በኩላሊት ጉዳት ምክንያት ተቋረጠ። ዞሱራባልፒን በ2024 ታትሞ የወጣ ነው፤ አሲኔቶባክተር ሊፖፖሊሳካራይድን ወደ ላይ የሚያጓጉዝበትን መንገድ ይዘጋል። ሴፊዴሮኮል ግን ሽፋኑን አይነካውም። ብረት ይዞ ይመጣል፣ ባክቴሪያው ብረት ለማስገባት በሚጠቀምበት በር ይገባል። አሜሪካ ውስጥ በ2019 ፈቃድ አገኘ፤ በ2020 ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ለሚይዝ የሳንባ ምች ተፈቀደ። እንደ እሷ አስተሳሰብ ከማፍረስ ይልቅ በራሱ በር መግባት ይሻላል። ከፋቹም ያኔ ነው አቋሙን ያለዘበው።

መልስ 18 አጭር ነው፣ ግን ማለፍ የለበትም። ሱዶሞናስ ከውጨኛ ሽፋኑ ትንንሽ ከረጢቶች እየቆረጠ ይለቃል። በውስጣቸው ሲፍ የተባለ ፕሮቲን ይጭናል። ከረጢቱ ከአየር ቧንቧ ሴል ጋር ሲዋሃድ ሲፍ ወደ ውስጥ ገብቶ የክሎራይድ መተላለፊያው ሲኤፍቲአር ከሴሉ ገጽ ላይ እንዲቀንስ ያደርጋል። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚበላሸው ይኸው መተላለፊያ ነው።

መልስ 19፦ ለኔ የክሩ ትልቁ መልስ ይህ ነው። ጸሐፊው ቀድሞ ያልተናገረ ሰው ነው። ፀረ እንግዳ አካል መቼም ይጠቅማል ብለን እናስባለን አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ግን ብሮንኬክታሲስና ሱዶሞናስ ካለባቸው ሕሙማን አንዳንዶቹ ላይ ተቃራኒውን አገኘ። እነዚህ ሰዎች ኦ-አንቲጅን ላይ የሚለጠፍ፣ አይጂጂ2 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ከመጠን በላይ አላቸው። የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች ባክቴሪያውን የሚገድሉት ሽፋኑን በመብሳት ነው። አይጂጂ2ው የኦ-አንቲጅኑን ጫፍ ሲሸፍነው መብሻው ከሽፋኑ ርቆ ይቀራል፤ የራሳቸው ደም ባክቴሪያውን መግደል ያቅተዋል። እንዲህ ያለባቸው ሕሙማን ሳንባም የባሰ የተጎዳ ነበር። በ2017 ደግሞ ደማቸውን በማጠብ ፀረ እንግዳ አካሉ የተወገደላቸው ሁለት ሕሙማን መሻሻላቸው ተዘገበ።

መልስ 20፦ የመልስ 5 ባለቤት ወዲያው ጻፈች። እኔስ አለብኝ ወይ፣ የት እመርመር አለች። የሳንባ ሐኪሙ መልስ 21 ላይ በእርጋታ መለሰላት። ይህ ምርመራ የዘወትር ሥራ ያልሆነና በምርምር ደረጃ ያለ ነው፤ ደም ማጠብም ቀላል ሕክምና አይደለም። ከሐኪሟ ጋር እንድትነጋገርበት፣ እስከዚያ አክታ የማስወጣት እንቅስቃሴዋን እንዳታቋርጥ መከራት። ያ ሁሉ ንዴት ጠፍቶ ነበር።

መልስ 22፦ የኢሚዩኖሎጂው ሰው ነው፤ በዚህኛው ላይ ማንንም አልነካም። መልስ 6 እና መልስ 19 ይጋጫሉ ወይ ብሎ ራሱ ጠየቀ። አንዱ ባክቴሪያው ኦ-አንቲጅኑን ይጥላል ይላል፣ ሌላው ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያርፈው ረጅም ኦ-አንቲጅን ላይ ነው ይላል። እሱ እንደሚያየው አይጋጩም። አንድ ሳንባ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሊኖሩ ይችላሉ፣ ከሰው ሰውም ይለያያል። ኦ-አንቲጅኑን የጣለው ዘር ደም ውስጥ ቢገባ ኮምፕሊመንት ይፈጀዋል። አየር ቧንቧ ውስጥ፣ ንፍጥና አልጂኔት መሃል ተቀምጦ ግን ያ ጉድለቱ ብዙም አይጎዳውም። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸው ሰዎች ሳንባቸው ለዓመታት በሱዶሞናስ ተሞልቶ ሳለ ባክቴሪያው ወደ ደማቸው የሚዛመተው ከስንት አንዴ ነው፤ እሱ አንዱን ምክንያት የሚያየው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኦ-አንቲጅን ላይ የተመሠረተ ክትባት ለነዚህ ሕሙማን ቢሰጥ የሚከላከለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው ወይስ የሚሸፍነውን የሚያበዛው ሲል ጠየቀ። አወያዩ ጥያቄውን ለብቻው ክር አድርጎ ከፍቶታል።